ሰጪ ወይስ ተነሺ

ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

«ልጄ ኑርሀያት፣ አላህ በሰው አገር ሰው አያሳጣሽ» ትልሻለች እማዬ። የምጽፍላት እኔ እህትሽ ሳጂዳ ነኝ፤ የራሴን ጥፋት ለመጻፍ ግን እያፈርኩ ነው። ላሟ ወልዳለች።

የባቡር ጣቢያችንን የምንንከባከብ በጎ ፈቃደኞች የአገሩን ታሪክ ሰሌዳ ላይ ጻፍን። እኔ «ለሐዲዱ መሬታቸውን የሰጡ» ብዬ የሸህ ባድሩን ስም አስቀደምኩ። ሸሁ አንብበው፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሰጪ ነኝ ወይስ መሬቴን የተነጠቅኩ ተነሺ? ይኼ ካልታረመ ጣቢያው ውስጥ ለእይታ ያመጣሁትን የአባቴን ሞፈር መልሱ!» አሉኝ። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ዕቃቸውን ሊወስዱ ነው። ለእማዬ ስነግራት፣ «የእኛስ ማሳ? ሰጠን እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረች።

«ስልክሽን አትዝጊብኝ ልጄ፤ አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን» ትላለች።

እኔ ነገ ቀለም ይዤ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ እያየ «የሰጡ» የሚለውን አጥፍቼ፣ «ከመሬታቸው የተነሡ» ብዬ እጽፋለሁ።