ከዝምታው በኋላ የመጣው ስም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

እትዬ ሰላም፣ የዛሬውን እንኳ ይመኑኝ። ስልክዎ እንቢ ቢለኝ ደብተሬ ላይ እለፈልፋለሁ። የባህል አማካሪ ቢሮውን ከእርስዎ ጋር ያቋቋሙት ጋሽ ዳዊት ሐይቁ ከበላቸው አርባ ቀን አለፈ። ሰሞኑን ወንበራቸው ረጥቧል ስልዎት «አንቺ ልጅ፣ ጠበል ሂጂ» ብለው ሳቁብኝ።

ዛሬ ጠረጴዛዎን ስወለውል የድምፅ መቅጃው በእጄ ተከፈተ፤ ትናንት ደቅ ደሴት ብቻዎን ሄደው መሪጌታውን የቀዱበት ነው። እርስዎና ጋሽ ዳዊት ቀረጻ ስትጀምሩ በየተራ ስማችሁን ትናገሩ አልነበር? እርስዎ «ሰላም» ብለው፣ እንደ ልማድዎ ለእሳቸው ተራ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ጋሽ ዳዊት «ዳዊት» ሲሉ ሰማሁ፤ የራሳቸው ድምፅ ነው። «ነገ ጎርጎራ ስትሄጂ አብሬሽ ነኝ» አሉ። መሪጌታው «እኒህ ደግሞ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁዎት። እርስዎም «ብቻዬን ነኝ፣ የኔታ» አሉ።

የተሳፈሩበት የጎርጎራ ጀልባ ከወጣ ቆየ። እባክዎ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።