ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ያፈንኩት ማስነጠስ

ኅዳር 27

መሐል ሜዳ ዛሬም ውርጭ። አፍንጫዬ ተዘግቷል። የበግ ፀጉር ስፈትል ዋልኩ... ሲያስነጥሰኝ ዋለ።

ጥሩሸዋ ደወለች። አጥር ለአጥር አብረን አድገን፣ አምና ሸዋ ሮቢት አግብታ ወረደች። ልጇ ታኅሣሥ 6 ሰማንያ ቀን ይሞላታል። "የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ፣ ወሰኔ" አለችኝ። እኔ! ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ "አቤት" ብዬ ቀሪ ይጻፍብኝ የነበርኩት!

"ምን አለው? ካህኑ የሚሉትን ጮክ ብለሽ መመለስ ብቻ ነው።"

ጮክ ብለሽ... ብቻ።

"እሺ" አልኩ። "ምን አልሽ?" አለች። "እሺ!" አሁንም "ምን አልሽ?" በመጨረሻ እማዬ ከጓዳ "እሺ ብላለች!" ብላ ጮኸችልኝ።

ታኅሣሥ 1

ሸዋ ሮቢት ገባሁ። ሙቀት! ጋቢዬን የት ላድርገው?

ግን ጆሮዬ...

ከሞላሌ እስከ ጣርማ በር ደህና ነበርኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ። ሰው ሁሉ ያዛጋል፣ ቆሎ ይቆረጥማል። አጠገቤ የተቀመጡ እማማ እፍኝ ዘረጉልኝ። "ቆርጥሚ ልጄ፣ ጆሮሽን ይከፍትልሻል።" በሰው መሀል ቀሽ ቀሽ ላደርግ? "ጠግቤያለሁ" አልኩ። ማዛጋትም አፈርኩ።

ከዚያ ማስነጠሱ መጣ። ፊት ለፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። ሚኒባሱ ጢም ብሏል። አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ... ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ ጧ!

"ምነው ልጄ?" አሉ እማማ። "ምንም።" ምንም! ተራራው ሲዞር እያየሁ።

ስወርድ እንደ ሰካራም ተንገዳገድኩ። ያማል፣ ግን ሳቄ መጣ። ጥሩሸዋ አቅፋኝ "ጠጅ ቤት ነው እንዴ ያሳፈሩሽ?" አለች። ቦርሳዬ ውስጥ ጣርማ በር ላይ ጠጥቼ የከደንኩት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አለ። ሳወጣው ጭምድድ ብሏል፣ ሰው የጨበጠው ይመስላል። ማንም አልነካውም።

ታኅሣሥ 2

የጥሩሸዋ አማት እማማ ምሥራቅ ጤና አዳም ቀጥቅጠው፣ ቅቤ አቅልጠው መጡ። "ጆሮሽን አምጪ።" እምቢ ማለት አልችልበትም፤ ጆሮዬን አዘነበልኩ። ጥሩሸዋ ደርሳ ነጠቀቻቸውና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሲስተር ሳሌም በመብራት አየችኝ። "የጆሮሽ ታምቡር ተቀዷል። ትንሽ ነው።" ስንወርድ የውጪው አየር ይከብዳል አለች። አፍንጫዬ በጉንፋን ተዘግቶ የውስጡ አልተስተካከለም። በዚያ ላይ ማስነጠሱን ሳፍን... ፕላስቲኩ ትዝ አለኝ። እሱም አፉን ዘግቶ ነው የተጨመደደው።

"ለምን አፈንሽው?" አለች። ሰው ፊት ነበርኩ እኮ! በሳምንታት ውስጥ ይገጥማል አለች፤ ግን ውሃም ቅቤም ጤና አዳምም ጠብ እንዳይልበት።

ማታ እማማ ምሥራቅ "ካህኑን የማትሰማ የክርስትና እናት ምን ታደርጋለች? ሌላ ሴት እንፈልግ እንጂ" አሉ። በግራ ጆሮዬ ሰማኋቸው። እሱም በጉንፋኑ ደፈን ብሏል፣ ግን ይችን ሰማ!

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ገላገሉኝ እኮ። ታዲያ ለምን አለቀስኩ?

ታኅሣሥ 4

አንድ ነገር አገኘሁ! ስናገር ድምፄ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ከበሮ ይመታል። እኔ ነኝ ይሄ? ወፍራም፣ ትልቅ ድምፅ! ብቻዬን ሙሉ ስሜን "ወሰንየለሽ!" አልኩ። ደገምኩት። ሳቅኩ።

ለጥሩሸዋ ነገርኳት። "እዚህ የሚሰማው ግን ሹክሹክታ ነው" አለች። ልጇን አዝላ ሽንኩርት ማሳው ማዶ ሄደች። ስትሰማኝ እጇን ልታነሳ። ጮህኩ፤ ምንም። ጮህኩ፤ ምንም። የሰው ሽንኩርት እየረገጥኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪነቃ... እጇ ተነሳ! ዘለልኩ። ዓለም ዞረችብኝና የሽንኩርቱ መደብ ላይ ዘጭ!

ጥሩሸዋ ለእማማ ምሥራቅ "እሷ ካልሆነች ክርስትናው ይቆይ" አለቻቸው። "እናያለን" አሉ።

ታኅሣሥ 5

ነገ ነው።

ታኅሣሥ 6

ጥሩሸዋ ጠበል እንዳይረጨኝ ፈርታ ጥጥ በቫዝሊን ለውሳ ጆሮዬን ወተፈችው። "ለማንኛውም" ብላ ደህናውንም!

ሕፃኗን ታቅፌ ቆምኩ። የካህኑ የአባ ኃይለመስቀል አፍ ይንቀሳቀሳል... ድምፅ የለም። አፋቸው ቆመ፤ መልሴን ይጠብቃሉ። ሁሉም አየኝ። እማማ ምሥራቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እድሜ ልኬን "ጮክ በይ" የተባልኩት እኔ...

"አባ! አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉልኝ!"

ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና "እክሕደከ ሰይጣን!" አሉ፤ ሰይጣንን ልክድ። ማዶ ያለውን የሽንኩርት ማሳ አሰብኩና ድምፄን ለቀቅኩት። ሕፃኗ በርግጋ አለቀሰች፤ ዲያቆኑ መቋሚያ ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እስከ መጨረሻው መለስኩ፣ አንድ አላስቀረሁም። ወለተ ማርያም ተባለች። ልጄ!

እማማ ምሥራቅ ሲስሙኝ ጥጡን ራሳቸው አወጡልኝ። "ያ ሰይጣን ይሄኔ ደብረ ሲናን አልፏል" አሉኝ።

ታኅሣሥ 27

ሲስተር ሳሌም ዛሬ ጠዋት አየችልኝ። ገጥሟል! ለገና ወደ መሐል ሜዳ ተሳፈርኩ። ፀጉሬ ውስጥ የሸዋ ሮቢት አቧራ፣ ጉልበቴ ላይ የእማማ ምሥራቅ ቆሎ። ዳገቱን ሙሉ ቀሽ ቀሽ ሳደርግ መጣሁ። አጠገቤ ለተቀመጡትም ዘገንኩላቸው።

ጣርማ በር ስንደርስ ብርዱ በመስኮት ገባና አፍንጫዬን በላኝ። እጄ ሊነሳ... ተውኩት።

ሃ... ሃጥሺ!

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። "ጎማ የፈነዳ መስሎኝ!" አለ። ሚኒባሱ በሙሉ "ይማርሽ!"

"ያኑራችሁ!" አልኩ።

ማንም "ምን አልሽ?" አላለኝም።