ማርክትሽታይን ላይ የሚጠብቅሽ ብርጭቆ

ውድ ፍሪድል፣

ጎረቤታችን ብሩኖ ይህን ሲያነብልሽ ድምፁን እንዳያለሰልስ ንገሪው፤ የሐዘን ደብዳቤ አይደለም። ማርክትሽታይን ደርሻለሁ። በየበጋው ሳናርፍበት የማናልፈው ከተማ እንዳለ ነው። በሩ እንደጠበበ፣ የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ የደረሰበት ምልክትም ግንቡ ላይ እንደተቀረጸ ነው። ባለ ሁለት ሰው ብስክሌታችንን ግን ለብቻዬ እየነዳሁ ገባሁ።

"ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ከኋላሽ ተጭኜ አልሄድም" ስትይኝ ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ገና የፊት ነፋስ ሲመጣ ነው የገባኝ፤ ለካ እስከዛሬ ስትገፊኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ! ወንዙን ተከትሎ የሚጋልበው ሁሉ ደግሞ "እማማ፣ የኋላዋን ጥለዋታል!" እያለ ስቆብኝ ያልፋል።

ከተማው ስገባ ጉሮሮዬ ደርቋል። ከአንድ አጥር በላይ የተሰቀለ የጥድ ቅርንጫፍ አየሁ። ደጁ ላይ ጥድ የሰቀለ የወይን ገበሬ ለመንገደኛ ወይን ይሸጣል ብለን አይደል ያደግነው? ብስክሌቱን ግቢው ውስጥ አስደግፌ፣ ሰው በሞላበት ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ቁጭ አልኩና ነጭ ወይን አዘዝኩ። አንዲት ድምጿ ጎላ ያለ ሴትዮ አመጣችልኝ። ቀመስ አደረግሁና "ሞቅ ብሏል፣ ቀዝቃዛ የላችሁም?" አልኩ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ።

"እማማ፣ እስቲ ቀና ይበሉ" አለኝ አጠገቤ የነበረ ወጣት አናጢ።

ቀና አልኩ። ጥዱ ደጁ ላይ አይደለም፤ አዲሱ ጣሪያ አናት ላይ ነው። ጣሪያው ቆሞላቸው አናጢዎቹ የሚጋበዙበት የሰው ድግስ ላይ ነው ዘው ያልኩት! ማየት የምችለው እኔ፣ የተሳሳትኩትም እኔ።

በእፍረት ልነሳ ስል ሴትዮዋ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ኦቲሊየ ትባላለች፣ የቤቱ ባለቤት ናት። "ወይኔን አምተሽማ ሳትጨርሺ አትሄጂም!" አለችኝ።

ከዚያ ዋናው አናጢ ኮርቢኒያን ጣሪያው ላይ ቆሞ ቤቱን መረቀ፤ ብርጭቆውን ጨለጠና ወረወረው። ከተሰበረ ለቤቱ ገድ ነው፤ ካልተሰበረ ግን መጥፎ ገድ እንደሚባል ታውቂያለሽ። ብርጭቆው መጥቶ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው? ያንቺ ኮርቻ ላይ! ያ የበግ ቆዳ ያለበስሽው ኮርቻ አንጥሮ ሣሩ ላይ ጣለው። አንድም ስንጥቅ የለውም። ኦቲሊየ ፊቷ ነጣ።

"የዚያ ኮርቻ ባለቤት የት አለች?" አለ ኮርቢኒያን ከላይ።

ነገርኳቸው። ዓይንሽን፣ እምቢታሽን፣ ሁሉንም። "አይዞሽ" ያለኝ የለም፤ አንቺም ቃሉን ትጠዪዋለሽ። ኮርቢኒያን ወርዶ ብርጭቆውን አነሳ።

"ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእሷ ነው" አለኝ። "ቦታዋ ላይ ብትቀመጥ ኖሮ..."

"ጭንቅላቷን ይላት ነበር!" አለ ወጣቱ።

"ዝም በል አንተ! ኮርቻዋ ያተረፈውን ራሷ መጥታ ትስበረው።"

"አታይም እኮ" አልኩ።

"ብርጭቆ ለመስበር ዓይን ምን ያደርጋል?" አለች ኦቲሊየ። "የድንጋይ ወለል እንደሆነ የትም አይሄድ!"

ስለዚህ ብርጭቆው ኦቲሊየ መስኮት ላይ ተቀምጧል። እሷም እስክትመጪ አዲሱ ጣሪያ ሥር አልተኛም ብላ እህቷ ቤት ገብታለች፤ ከእህቷ ባል ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ ናቸው። ቶሎ ካልመጣሽ እዚያ ቤት የሚሰበረው ሌላ ነው።

ፍሪድል፣ ናፍቀሽኛል። ከኋላዬ ሆነሽ "ቀስ በይ፣ ሮስቪታ" የሚለው ጭቅጭቅሽ ናፍቆኛል። አንቺ ሳትኖሪ መንገዱን አየዋለሁ እንጂ ደስ አይለኝም። ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ብሩኖ ባቡሩ ላይ ያሳፍርሽ፤ እኔ ብስክሌቱን ይዤ ጣቢያው በር ላይ እቆማለሁ።

ወፍራም ጫማ አድርጊ፤ ወለሉ ላይ ስብርባሪ ይኖራል።

ከፊት የምትቀመጠው እህትሽ፣
ሮስቪታ