ለመስቀል የቀዳህልኝ ካሴት

ደምሴ ሆዴ፣

ከሄድክብኝ ሰባት ዓመት ሊሞላ ነው። እህትህ አልማዝ ተዝካርህን ልታወጣ ሽር ጉድ እያለች ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ሪያድ ነኝ። ራውዳ ሰፈር ያለችው ማዳም ቤት አይደለሁም፤ ኸላስ፣ ከእሷ ተገላገልኩ። አሁን ባዲዓ ሰፈር፣ ዘይነባ ከምትባል የወሎ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ልጃችን ሜላት በቁመት አልማዝን አልፋታለች። ግንባሯን ስትቋጥር ቁርጥ አንተን ናት ይሉኛል፤ እኔ የማያት በፎቶ ነው።

ያን የጉድ ካሴት የላክህልኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሌላው ባል ለሚስቱ ናፍቆቱን ቀድቶ ይልካል፣ አንተ የሰማይ ድምፅ ቀድተህ ላክህ። ማዳም እንዳትሰማ ኩሽና ቆሜ በጆሮ ማዳመጫ ስከፍተው ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር የመሰለኝ። ከዚያ አንተ መጣህ። ፑልሳር ይባላል አልክ፤ ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ ሲሞት የሚቀረው አስኳል ነው፣ እየተሽከረከረ የራዲዮ ሞገድ ይረጫል፣ ሞገዱ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት ይሰማል። የዩኒቨርሲቲ መምህርህ ከውጭ ካመጣው ላይ ነበር የገለበጥከው። የሞተ ነገር ልቡ ሲመታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለህ ስትደነቅ ብቻዬን ሳቅኩብህ።

እኔም አላረፍኩም። ያ የገባበት የማይወጣው የሰማይ ጥቁር ጉድጓድ ያልከኝ የማዳም ቤት ነው ብዬ ቀድቼ መለስኩልህ። አንተ ደግሞ ቀልድ መቼ ይገባሃል፤ በሚቀጥለው ካሴት ቁጭ ብለህ አስረዳኸኝ። ወደ ጉድጓዱ የሚሳበው ጋዝ ከመግባቱ በፊት እጅግ ይግላል፣ ኤክስሬይ ያወጣል፣ ያንን በሳተላይት ላይ በተሰቀለ መሣሪያ ያዩታል። አንዳንዱ ድንገት ቦግ ይልና ጥቂት ወራት ቆይቶ ድርግም ይላል አልክ። እኔ የማውቀው ኤክስሬይ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ብለው ደረቴን ያነሡኝን ብቻ ነበር።

ከዚያ ጠፋህብኝ። ጥር ውስጥ ከአገር ቤት የመጣች ሴት አንድ ካሴት ሰጠችኝ። እንኳን ለመስቀል አደረሰሽ ብለህ ጀመርክ፤ መሀል መሀል ያስልሃል። መስቀል ካለፈ ስንት ጊዜው፣ ሴትዮዋ አቆይታው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ ካሴት በሰው እጅ ሲዞር መክረሙን ለምደነዋል። ሳህን እያጠብኩ ደጋግሜ ሰማሁህ። ደስ ብሎኝ ዘፈንኩ፣ ደምሴ። መልስም ቀዳሁልህ፣ ሳልህ እንዴት ሆነ ብዬ።

ለካ ኅዳር ላይ ተቀብረሃል።

አልማዝ ጠረጴዛህ ላይ ያልተላከ ካሴት አግኝታ፣ ዝም ካልናት ትጠረጥራለች ብላ ነው የሰደደችው። መርዶ ለብቻዋ ላለች ሴት አይነገርም፣ ማዳም ቤት ማን ይደግፋታል ብለው እስክወጣ ጠበቁ። ከፋሲካ በኋላ ከማዳም ቤት እንደ ወጣሁ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ዘይነባ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። ስገባ የማውቃቸው ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ ያኔ ገባኝ። ልጩህ ብል ጎረቤት ሰምቶ ፖሊስ ይጠራል ብለው አፌ ላይ ፎጣ ያዙብኝ። አንተን ያለቀስኩህ ፎጣ ውስጥ ነው። ጥቁር ልልበስልህ ስልም ድሮውንም ጥቁር ለብሻለሁ። እዚህ ሴት ሁሉ ደጅ ስትወጣ ጥቁር አባያ ነው የምትለብሰው፤ ያዘነችው ካላዘነችው አትለይም። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አልማዝን ለብዙ ጊዜ ዘጋኋት። ወንድሟን አፈር አልብሳ ድምፁን ላከችልኝ ብዬ። አንድ ቀን የኮከብህን ካሴት መልሼ ሳዳምጥ፣ ያኔ እየሳቅኩ ያለፍኩትን ቃል ሰማሁት። ይኼ ምት ከዚያ ከተነሣ ዘመናት ሆኖታል፣ አሁን እዚያ ምን እንዳለ አናውቅም፣ ቢሆንም የላከው እሱው ነው አልክ። እንኳን አደረሰሽ ስትለኝ አንተም በሕይወት ነበርክ፤ እኔን እያሰብክ ነበር። ለአልማዝ ደወልኩላት። ተላቀስን።

ሜላት ድምፅህን አታስታውሰውም። የመስቀሉ ካሴት በተሰማ ቁጥር እየሳሳ ስለሚሄድ ሰስቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። አሁን ለተዝካርህ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ልልክላት ነው፣ ዋናውን፣ አንተ የነካኸውን። እኔ ግልባጩን አስቀርቻለሁ፤ ከመናገርህ በፊት የምትስባት ትንፋሽ ግን ግልባጩ ላይ የለችም። እሷን እኔው አስታውስልሃለሁ፣ በቁሜ እስካለሁ ድረስ አልረሳትም።

ያኔ የቀዳሁልህ መልስ አልማዝ ጋ ሳይከፈት ተቀምጧል። ሜላት ሁለቱን አከታትላ እንድትሰማ ነግሬያታለሁ። አንተ እንኳን አደረሰሽ ትለኛለህ፣ እኔ ሳልህ እንዴት ሆነ እልሃለሁ። ልጃችን አባትና እናቷ ሲጨዋወቱ የምትሰማው ይኼን ብቻ ነው።

ያንተዋ በላይነሽ