ባዶው ድንጋይና የገመጥከው ዳቦ

ወንድሜ ኦይበክ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፤ ቼሪው ቀልቷል፤ ላሟም ወልዳለች። ስልክህን አላነሳ ስላልክ ነው መጻፌ።

በጦርነቱ ሙታን መታሰቢያ ቀን ከእማዬ ጋር የዘማቾች ፓርክ ሄደን፣ የቅድመ አያታችን ስም በተቀረጸበት ግንብ ሥር አበባ አኖርን። ጎረቤታችን ሀንዛዳ አጠገቡ የቆመውን ስም ያልተቀረጸበት ባዶ ድንጋይ እየዳበሰች፣ «ይሄ ደግሞ ራሺያ ሄደው ግንበኛ ነን ለሚሉት ይሆን?» ብላ ሳቀች።

«ምላስሽን ይቁረጠው! ልጄ ሲሚንቶ ነው የሚያቦካው» አለቻት እማዬ።

«ታዲያ ከዚያ በላከው ፎቶ ላይ የወታደር ጫማ ምን ይሠራል?»

እማዬ እጄን ይዛ ወደ ቤት መለሰችኝ።

ስትሄድ አንዴ ገምጠህ፣ ተመልሰህ እንድትጨርሰው ግድግዳ ላይ የሰቀልንልህን ዳቦ ትናንት አቧራውን ላራግፍ ብዬ አወረድኩት። እንደ ድንጋይ መድረቅ ሲገባው ለስላሳ ነው። የተገመጠበትም ቦታ መሐሉ ላይ ሳይቆረጥ የቀረ ጉብታ አለው፤ ልክ የእማዬ የፊት ጥርስ በወለቀበት በኩል። አንተ የገመጥከው አሮጌው ዳቦ የት እንደገባ አልጠየቅኳትም። መልሼ ሰቀልኩት።

ሁላችንም በናፍቆት እንስምሃለን። ያንተ ጥርስ ሙሉ ነው፤ መጥተህ ግመጥልን።

እህትህ ዙልሁሞር