የገፈርሳው ዝናብ ሹም ባዶ ጣሳ

ሰኔ ፳፰፣ ጠዋት ፫ ሰዓት
ጣሳዬን ከፈትኩ። ባዶ። ቅጹ ላይ ዜሮ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዜሮ መጻፍ ለምዶብኛል፤ ክብነቱ ከቀን ወደ ቀን እየተሻሻለ ነው። የቡራዩ ሰው "የዝናብ ሹም" ይለኛል። ጃንሆይ ሳይሾሙኝ የተሾምኩ። ሥራዬ፦ ሰማይ የሰጠውን በጣሳ መለካት፣ የግድቡን ውሃ ከፍታ ውሃው ውስጥ ከቆመው ባለ ቁጥር እንጨት ላይ ማንበብ፣ ለከተማው ውሃ መ/ቤት መላክ። ሰማይ ምንም አልሰጠም። እንጨቱም ደረቅ መሬት ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ውሃው ትቶት ሄዷል። ግድቡ ሲሞላ ሰጥሞ የነበረው የድሮ መንገድ ብቅ ብሏል።

ሐምሌ ፪
ደብዳቤ ከአለቃዬ። በክረምት ዜሮ አይሆንም፣ ወይ ጣሳው ወይ ለኪው ተበላሽቷል፣ ተጣርቶ ይገለጽ ይላል። አጣራሁ። ጣሳው ደህና ነው።

ሐምሌ ፭
ግድቡ ዳር ምሕላ። በማዶ ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው በኦሮምኛ ይለምናሉ። ሣሩ ከኦቦ ገመቹ ቦይ ዳር የታጨደ ነው፤ ሌላ አረንጓዴ የለም። ኦቦ ገመቹ ከግድቡ በታች የሚያርሱ ጎረቤቴ ናቸው። ሁለት በሬ አላቸው፣ ቦራ እና ዳለቻ የሚባሉ። ከግድቡ የምንለቅላቸው ቀጭን የቦይ ውሃ ሰውንም ከብቱንም ያኖራል። ምሕላው ሲያበቃ ቄሱ ጠርተው ጣሳህን እስቲ እይልን አሉኝ። አየሁ። ሕዝቡ ፊቴን አየ። በሕይወቴ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅም። እንዲህም አፍሬ አላውቅም።

ሐምሌ ፯፣ ጠዋት
ጣሳው ውስጥ ውሃ አለ! ሣሩ ደረቅ። ጫማዬ አቧራ። የቆርቆሮ ጣሪያዬ ትንፍሽ አላለም። በአንድ ጣሳ ላይ ብቻ የዘነበ ዝናብ! መጣራት ነበረበት። ግን የአለቃዬ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። ጻፍኩት። ዝናብ፤ ደህና።

ሐምሌ ፲
አለቃዬ በጂፕ መጣ። ደስ ብሎታል። ደንቡን አነበበልኝ፦ ዝናብ ከጀመረ ቦዩ ይዘጋል፣ ውሃው ሁሉ ለአዲስ አበባ። ግድቡን ዞር ብሎ አላየም፤ ቅጹን አየ። ኦቦ ገመቹ ቆመው ነበር። "የት ነው የዘነበው፣ ልጄ?" አሉኝ። አለቃዬ ቀደመኝ፤ "እዚህ" ብሎ ወረቀቱን አሳያቸው። የቦዩን መዝጊያ በገዛ እጄ አዙሬ ዘጋሁ።

ሐምሌ ፲፫
ቦራ ሞተ። ቦዩ ሲደርቅ ውሃ ፍለጋ ወደ ግድቡ ወረደ። ውሃው የሸሸበት ጭቃ እስከ ሆዱ ዋጠው። ጎረቤት ተሰብስቦ በገመድ ሲጎትት ዋለ። ኦቦ ገመቹ ቀንዱን ይዘው አልለቅም አሉ። በአንድ በሬ አይታረስም። ዛሬ ቀልድ የለኝም።

ሐምሌ ፲፬
አዴ ብርቄ መጡ፣ የኦቦ ገመቹ ባለቤት። ስለ በሬው ሊያለቅሱ መስሎኝ ተነሣሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናዘዙ፦ ከምሕላው ማግስት ጣሳዬ ውስጥ ጠበል የጨመሩት እሳቸው ናቸው።
"ለጎረቤት እንኳ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አንተ በየቀኑ ባዶ ጣሳ ለእግዜር ትደቅናለህ። ነውር አይደለም እንዴ!"
ቀጥለው ደግሞ፦ "አነሰ ይሆን? ልጨምር?"
ያንን ጠበል ዝናብ ብዬ እንደጻፍኩት፣ ቦያቸውን የዘጋው ያ ወረቀት እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ሻይ ላፍላልዎት አልኩ። እንስራዬ ባዶ ነበር።

ሐምሌ ፲፭፣ ጠዋት ፬ ሰዓት
ጣሳ፦ ባዶ። ቅጹ ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ "ሐምሌ ፯ ቀን አልዘነበም። ተጣርቷል። የተበላሸው ለኪው ነው።" ፈረምኩ። የአዴ ብርቄን ስም አላነሣሁም። ወረቀቱ በነገ አውቶቡስ ይሄዳል። አለቃዬ ደርሶ የመዝጊያውን ቁልፍ እስኪቀበለኝ ጥቂት ቀን አለ። እስከዚያ ዳለቻ ይጠጣ።
ቦዩን ልከፍት ሄድኩ።