ሩት ያልጨረሰችው ሐብል

እሑድ

ዛሬ ሊያስፈቅዱን መጡ። የቤቲ አባት፣ እናቷ ጽጌ፣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌም አብረው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ውሃ እንኳን ሳቀርብላቸው አልጠጡም።

ቤቲ ቅዳሜ ታገባለች። የልጄ የሩት ጓደኛ ናት፤ አብረው ነው ያደጉት፤ እዚህ ስማይርና ከተማ፣ አንድ አፓርትመንት ውስጥ። ሩት ሚዜዋ ልትሆን ነበር። ካርዱ ተበትኖ፣ ሮዝዌል ያለው አዳራሽ ተከራይቶ ካለቀ በኋላ ነው ልጄ ከሥራ ስትመለስ መኪናዋ በዝናብ ተንሸራቶ የቀረችው።

የተናገሩት ሽማግሌው ናቸው። «እመቤቴ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። እርስዎ ካልፈቀዱ ከበሮ አይመታም» አሉ። እስከዛሬ የዘገዩት ፈርተው ይመስለኛል። ባለቤቴ ግርማ አቀርቅሮ ምንጣፉን ያያል። ስለዚህ እኔ መለስኩ። «ይደገስ። ሩት ብትኖር ቀድማ የምትጨፍረው እሷ ነበረች» አልኩ። ጽጌ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ሲሄዱ ግርማ «ከልብሽ ነው?» አለኝ።

ከልቤ አይደለም። ግን ሌላ ምን ይባላል? የሰው ልጅ ሠርግ ባስቀር የኔ አትመለስ።

አንድ ነገር ጠብቄ ነበር። ስለ ሐብሉ እንዲያነሱ። ማንም አላነሳም።

ሰኞ

ስለ ሐብሉ ልጻፍ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሩት ጌጣጌጥ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳጥኗን ትዘረጋለች፤ እራት የምናቀርብበት ቦታ እናጣለን። ለቤቲ የሠርጓን ሐብል እሠራልሻለሁ ብላት ነበር። ማሰሪያውን ጨርሳለች። ቀጭን ሽቦ ጠምዝዛ፣ በየመሀሉ ነጫጭ ዶቃ አስገብታ። ፊት ለፊት የሚንጠለጠለው ክብ የብር ማቀፊያ ግን ባዶ ነው። እሱ ውስጥ ነበር ክሌይ ሞልታ ፈርጥ የምትተክለው።

ክሌይ የምትለው በሁለት ብልቃጥ የሚሸጥ ነው። አንዱ ላይ ኤ፣ ሌላው ላይ ቢ ተጽፎበታል። ለየብቻቸው ለስላሳ ናቸው። እኩል እኩል ተደርገው ሲታሹ ግን ይደርቃሉ። ብልጭልጩ አብሮት አለ፤ ሲያዩት በረዶ ላይ ፀሐይ የወጣ ይመስላል። እኔ ጭቃ እለው ነበር። «እማ፣ ጭቃ አትበይው፤ ጭቃ በዚህ ዋጋ ማን ይገዛል?» ትለኝ ነበር።

ሳጥኑን ከሄደች ወዲህ ዛሬ ገና ከፈትኩት። የላስቲክ ጓንቷ የጣቶቿን ቅርጽ እንደያዘ ተቀምጧል። ዘጋሁት። ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት።

ቅዳሜ ቤቲ አንገት ላይ የሩት ሐብል እንዲሆን እፈልጋለሁ። እኔ አልሄድም፤ ከል ለብሶ ሠርግ ቤት አይገባም። ሐብሉ ግን መግባት ይችላል። ይኸው ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም የምፈልገው የለኝም።

ለግርማ ነገርኩት። «ሥራውን ታውቂዋለሽ?» አለ። አላውቅም አልኩት። «ታዲያ?» አለ። «ታዲያ ምን?» አልኩት። የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። የሚሄድበት እንደሌለው አውቃለሁ።

ማክሰኞ

አበላሸሁት።

ትናንት ከሁለቱ ብልቃጥ እያወጣሁ አሸሁ። በደንብ አድርጌ። አንድም ጓጓላ እስኪጠፋ። ይህንን እጄ ያውቀዋል፣ ስንት ዓመት ድፎ የደፋ እጅ ነው ብዬ ትንሽ ደስ ብሎኝም ነበር። ከዚያ ምን አደረግኩ? በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርጌበት፣ ነገ ከሥራ ስመለስ እሠራዋለሁ ብዬ አሳደርኩት። የታሸ ነገር ማደር አለበት ብዬ። ማንም አላለኝም። ሩትም ስታሳድር አይቼ አላውቅም። ዝም ብዬ አሳደርኩት።

ዛሬ ከምሠራበት ሆቴል፣ አንሶላ ሳጥፍ ውዬ፣ እየሮጥኩ መጣሁ። ጨርቁን ስገልጠው ድንጋይ ሆኗል። የመዳፌ መስመር ሳይቀር ላዩ ላይ ታትሞ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጠረጴዛው ላይ መታሁት። የተሰነጠቀው የጠረጴዛው ቀለም ነው።

ግርማ አንስቶ አገላብጦ አየው። «አስቴር፣ አድሮ ኩፍ የሚል መሰለሽ?» አለኝ። ከዚያ ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ መስማቴ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ጀርባውን ሳይ ንዴቱ ጠፋኝ።

የቢ ብልቃጥ ተጠርጎ አልቋል። ያለኝን ሁሉ ነው ያሸሁት። ለቤቲ መልእክት ጻፍኩላት፤ የት እንደሚሸጥ ታውቅ እንደሆነ። አልመለሰችም። የሠርግ ሰው ናት፣ ምን ታድርግ።

ረቡዕ

ጽጌ ደወለች። መልእክቱን ቤቲ አሳይታት ይሆናል።

«አስቱ፣ ነፍሴ፣ እባክሽ እጅሽን አታድክሚ» አለች። «አባቷ ወርቅ ገዝቶላታል። አንቺ እረፊ።» ድምፅዋ ማር ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ግርማ ጠየቀች፣ እንደገና እረፊ አለችኝ።

ገባኝ። ከሐዘን ቤት የወጣ ነገር በሙሽራ አንገት ላይ እንዲሆን አትፈልግም። አልፈርድባትም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር፤ እንዲያውም እንደ እሷ አለስልሼ አልናገረውም ነበር። «እሺ» አልኳት። «እግዚአብሔር ያሳድጋቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም። ለልደት ነው የሚባለው።

ጥቁር ቀሚሴ ላይ ብልጭልጩ ተጣብቋል። አጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ። በብሩሽ ፈተግኩት፣ ባሰበት። ይህንን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ የልጇ መቃብር አፈር ሳይደርቅ አጌጠች ይሉኛል። ሌላ ጥቁር የለኝም።

ሥራ ላይ አለቃዬ የመታጠቢያ ፎጣውን ከአንሶላው ጋር ደባልቄ አገኘችኝ። ራሷ ትለየው ጀመር። ሲያዝኑልኝ ይብሳል።

ሳጥኑን ወደ ሩት ክፍል መለስኩት። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ስል የፍራሹ ድምፅ ያው የድሮው ነው። ተነሥቼ ወጣሁ። ቤቲን ጠላኋት። ቤት ይኖራታል፣ ልጅ ትወልዳለች፣ ታረጃለች። ይህንን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቀመጥ።

ሐሙስ

ቤቲ መጣች። ከዱሉዝ ድረስ፣ በዚያ ትራፊክ፣ ብቻዋን። ጥፍሯ ተሠርቷል፣ ፀጉሯ በሻሽ ተጠቅልሏል። በሩን ስከፍት ከነ ጫማዋ አቀፈችኝ።

«ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኬን ማሚ ነበረች የያዘችው፤ ሜሴጅሽን ዛሬ ነው ያየሁት» አለች። ቦርሳዋን ገልብጣ አዲስ ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «ሩት ፕሮሚስ አድርጋልኛለች እኮ። እኔ ማሚን ወርቅ አልፈልግም ብያታለሁ። እሷ ደግሞ፣ ላይክ፣ አትሰማም። እዚህ መምጣቴን እንዳትነግሪያት።»

ያሳደርኩትን ድንጋይ አሳየኋት። ምን እንዳደረግኩ ስነግራት በእጇ አፏን ያዘች። ሐዘን ቤት መሳቅ ፈርታ ነው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «ሳቂ» አልኳት። ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እትዬ አስቴር፣ ሩት ይህንን ብታይ ፎቶ አንስታ ለሁሉም ሰው ነበር የምትልከው» አለች። እውነቷን ነው።

ስትሠራ አጠገቧ ስለምትቀመጥ መንገዱን ታውቀዋለች። ከኤውም ከቢውም እኩል ድቡልቡል አድርገን አስተያየናቸው። አሸን። ሩት እንደምታደርገው ወዲያው ማቀፊያው ውስጥ ጠቅጥቀን ዳሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግን። ፈርጡ በጣት አይያዝም፤ ጫፉ ላይ ሰም ያለበት እርሳስ አለ፣ በእሱ እየነካካሽ ታነሺዋለሽ። ትልቁን መሀል ላይ። ትንንሾቹን ዙሪያውን። የእሷ ዓይን ከእኔ ይሻላል፤ ጥፍሯ ግን ረጅም ነው፣ ይደናቀፋል። ስለዚህ እሷ ታሳየኛለች፣ እኔ እተክላለሁ።

«ጠማማ ሆነ» አልኳት።

«ተዪው። ሩትም ታጣምም ነበር። ደንበኛ ሲጠይቃት ዲዛይን ነው ትላለች።»

ጎንበስ ስትል የአንገቷ ሙቀት ይሰማኛል። የሰው ልጅ ሙቀት ነው። ትናንት የጻፍኩት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። ስትሄድ «ቅዳሜ ነይ» አለችኝ። አልመጣም አልኳት። «ከኋላ ተቀመጪ፣ ማንም አያይሽም» አለች። ጥቁር ለብሳ ከኋላ የተቀመጠችን ሴት ሁሉም ሰው ነው የሚያየው።

እስከ ነገ እንዲደርቅ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ዓርብ

ደርቋል። በጥፍሬ ተጫንኩት፣ አይነቃነቅም። ማሰሪያው ላይ አንጠለጠልኩት። ጠማማ ነው፤ ግን ሐብል ነው። የሚያምር ነገር በእጄ ከሠራሁ ስንት ጊዜዬ።

ግርማ በመኪናው ሰው ያመላልሳል፤ የዛሬው ሰው ዱሉዝ አካባቢ ስለነበረ ሐብሉን አስይዤ ላኩት። አሁንም ሩት በቀረችበት መንገድ አይነዳም። ቢዘገይም ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ስለዚህ እነ ቤቲ ቤት ሲደርስ ቤቲ አልነበረችም።

«ለማን ሰጠኸው?»

«ለእናቷ። ቤቲ ፀጉር ቤት ናት አለችኝ።»

«ምን አለች?»

«አመሰገነች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።»

ሌላ አልጠየቅኩትም። ምን ልለው? የጽጌን ነገር አልነገርኩትም ነበር። አለቀ። ከቦርሳዋ አይወጣም።

ቅዳሜ

ግርማ ሥራ አልገባም። ልብስ አጠብን። ቤቱን ጠረግን። ማንም አይደውልም፤ የሚደውልልን ሰው ሁሉ ሮዝዌል አዳራሽ ውስጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ የቤቲ የአክስት ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ደግ አስባ ነው። ሙሽሮቹ ከአዳራሹ በር ላይ፣ ሰው ዙሪያቸውን እያጨበጨበ። ቤቲ ዓይኗ ቀላ ብሏል። ሙሽራ ታለቅሳለች። አንገቷ ላይ ወርቅ ነው። ሰፊ፣ የሚያምር ወርቅ።

ግርማ ስልኩን ወሰደና በጣቶቹ እያሰፋ አየ። ከላይ አየ፣ ከታች አየ። «የለም» አለ።

«አውቃለሁ የለም።»

የማንም ጥፋት አይደለም። ወርቅ ለሙሽራ ነው። ግን ሩት ዛሬ እንደገና የሞተችብኝ መሰለኝ። ያኔ እንኳን የምሠራው ነገር ቀርቶልኝ ነበር፤ ይህንን ሐብል። አሁን የቀረላት ነገር የለም። እኔም ለእሷ የማደርግላት የለኝም።

ምንም አልበላሁም። እዚህ ላይ ላቁም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ተኝቼ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ጽጌ ናት፣ ብቻዋን። የትናንቱ የፀጉር አሠራር በግማሽ ፈርሷል። ከሠርጉ የተረፈ ምግብ በትሪ ተሸክማለች። አስገባኋት።

ትሪውን አስቀመጠችና ከቦርሳዋ መሐረብ አወጣች። ፈታችው። ሐብሉ ነው። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ፈርጥ ለብቻዋ። ማቀፊያው ዳር ላይ ቀዳዳዋ ባዶ ነው።

ቆማ ነው የነገረችኝ። ቤቲ ጠዋት ስትጠይቃት «ረስቼው ወጣሁ» ብላት ነበር። አዳራሹ በር ላይ መኪናው ሲቆም ቤቲ እንደገና ጠየቀች። ያለ ሐብሉ አልወርድም አለች። «ሙሽራው ውጭ ቆሟል፣ ከበሮው ይመታል፣ የኔዋ በሯን ቆልፋ ተቀምጣለች» አለች ጽጌ። ጨነቃትና ከቦርሳዋ አወጣችው። በጥድፊያ ሲያስሩላት የቀሚሱ ጥልፍ ያዘውና ፈርጧ ተፈናጥራ ወደቀች።

«አስቱ፣ ሙት ይዤ አልዋሽም፤ እዚያ መኪና ወለል ላይ በጉልበቴ ነው የሄድኩት። በሐበሻ ቀሚሴ። በስልክ መብራት። ሚዜዎቹ ሁሉ ጎንብሰው። እስክትገኝ አልወረደችም። ለቅሶዋን አትጠይቂኝ፤ ሜካፑን እንደገና ነው የሠሩላት። ከተገኘች በኋላ ፈርጥ የጎደለው ሐብል አታድርጊ ብዬ ለመንኳት። ወርቁን አሰርንላት።»

ፈርጧን ከመሐረቡ ላይ አነሣኋት።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ገድ ይላሉ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«እኔም አንድ ነበረኝ» አልኳት። ልጎዳት ብዬ አልነበረም። ተቀመጠች።

ልትሄድ ስትነሣ ሐብሉን ወደ እኔ ገፋችው። «መልሱ በሚመጣው እሑድ ነው። ቤቲ ይህንን ነው የማደርገው ብላለች። እኔም ብያለሁ። አድርሺልኝ» አለች። ረቡዕ አታድክሚ ያለችኝ ሴት ናት።

ከሄደች በኋላ አየሁት። ፈርጧ ላይ ላዩን ነበር የተቀመጠችው፣ ውስጥ አልገባችም ነበር። ፈርቼ ስለሆነ ነው፣ ጠንክሬ አልተጫንኩም። ቤቲ ካመጣችው ክሌይ ከኤውም ከቢውም ትንሽ ወስጄ አሸሁ። ግርማ ሳልጠራው መጥቶ መብራቱን ያዘልኝ። «ይህንን ያህል ይበቃል?» አለ። ይበቃል አልኩት። ቀዳዳውን ሞላሁ፣ ፈርጧን አስገባሁ፣ እስክትሰምጥ ድረስ ተጫንኩ።

ይዞ ይቆይ እንደሆነ አላውቅም። ቢይዝም ልጄ ያው የለችም። ጽጌ ያመጣችውን ግርማ ከትሪው ላይ እየበላ ነው። ከሠርግ ቤት የመጣ ነው፣ እኔ ልብላ አልብላ አላውቅም ነበር። አጎረሰኝ። ዋጥኩት።